ዱቄት በአየር የሚለየው ማሽን፦ ወድጄዋለሁ፣ ግን...

ለቀለም የሚሆን የኖራ ድንጋይ ዱቄት እንፈጫለን። ወንፊት አንገሽግሾን ነበር፤ ከ45 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች ሲሆን ቶሎ ይደፈናል። ይሄኛው ወንፊት የለውም። ነገሩ አውድማ ላይ እህል እንደማንፈስ ነው፤ ብቻ ውስጡ ባለ ክንፍ ሮተር ይሽከረከራል፣ ሮተሩ ሻካራውን ወደ ውጭ ሲወረውረው አየሩ ደቃቁን በክንፎቹ መሃል ስቦ ወደ ማጣሪያ ከረጢቱ ይወስደዋል፣ ሻካራው ደግሞ ወርዶ ተመልሶ ይፈጫል። የሮተሩን ፍጥነት ስትጨምሩ ምርቱ ይደቃል። አየሩን ስትጨምሩ ግን ይሻክራል፤ ኦፕሬተሮቻችን መጀመሪያ ላይ የተምታታባቸው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ጥሬው ትንሽ እርጥበት ካለው ደቃቁ ይጓጉልና ከሻካራው ጋር አብሮ ይወርዳል፣ አጉርሱት ብሎ ከአቅሙ በላይ የሚጭንበት ሰው ካለም ያው ነው፣ ጥሩው ዱቄት ተመልሶ ወፍጮ ውስጥ ይገባና መብራት በከንቱ ይበላል። ስለ መብራት ካነሳን ሻጩ አየሩን የሚያንቀሳቅሰው ፋን ስለሚበላው መብራት ትንፍሽ አላለም፤ ቢሉ ሲመጣ ነው የገባን! ኳርትዝ (በጣም ጠንካራ ማዕድን ነው) የምትፈጩ ደግሞ ውስጡ በሴራሚክ የተለበጠውን ጠይቁ፤ ተራውን ብረት ይበላዋል። ሻካራ ዱቄት ብቻ ከሆነ የምትሸጡት ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ወንፊት ይበቃችኋል።