አናሎጉ ምስል አሻጋሪ፦ ቴሌቪዥኑ ደህና፣ ዋይፋዩ ግን ድራሹ የለም

ከሪሲቨር ወይም ከካሜራ ምስልና ድምፅ ተቀብለው በ2.4 ጊጋኸርዝ ወደ ሌላ ክፍል ቴሌቪዥን የሚያሻግሩ አናሎግ ላኪና ተቀባይ ሳጥኖች አገጣጠማቸው ቀላል ነው። ቢጫውን ለምስል፣ ነጭና ቀዩን ለድምፅ ይሰኩ፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቻናል ይምረጡ፤ አለቀ። መሃል ላይ ግድግዳ ካልበዛ ምስሉ አያሳፍርም።

ችግሩ ሳጥኑ ጆሮ የለውም። ዋይፋይ ከመላኩ በፊት ያዳምጣል፣ ሌላ የያዘው ካለ ተራ ይጠብቃል። ብሉቱዝ በ79 ጠባብ ቻናሎች ላይ በሴኮንድ እስከ 1600 ጊዜ እየዘለለ ይተላለፋል። ይህ ግን ተመልካች ኖረም አልኖረ ከተሰካ ጀምሮ ያለ ዕረፍት ይለፈልፋል። ጉልበቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊዋት ባይበልጥም፣ አጠገቡ ያለ ራውተር «መስመሩ ተይዟል» እያለ ሲጠብቅ ይውላል። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ የሚወቀሰው ታዲያ አቅራቢው ነው፤ ሳጥኑን ማን ይጠረጥራል?

የግድ ከተጠቀሙበት፣ የአብዛኞቹ አራት ቻናሎች 2414፣ 2432፣ 2450 እና 2468 ሜጋኸርዝ ናቸው። ላኪውን በመጀመሪያው ላይ አድርገው ራውተሩን ከአውቶማቲክ ያውጡና ቻናል 11 (2462 ሜጋኸርዝ) ላይ ያስሩት። 5 ጊጋኸርዝ የሚቀበሉ ስልኮችንና ኮምፒውተሮችን ወደዚያ ማዛወር ደግሞ ይበልጣል። ሦስተኛውን ቻናል ይተዉት፤ ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚረብሸው በዚያው አካባቢ ስለሆነ ምግብ በሞቀ ቁጥር ምስሉ ላይ መስመር ይጋደማል።

ምስሉ አይመሰጠርም። ተመሳሳይ ተቀባይ ያለው ጎረቤት ያየዋል፤ ለሕፃን ክፍል ካሜራ በፍጹም አይሆንም።

ሳጥኑን ከሶኬት ኃይል የሚመግበው አዳፕተርም ሌላ ጣጣ ነው። ርካሹ ዓይነት የሬዲዮውን መካከለኛ ሞገድ (AM) በጩኸት ይሞላል። ለማረጋገጥ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮን በመካከለኛ ሞገድ ላይ፣ ምንም ጣቢያ በማይሰማበት ቁጥር ያድርጉና ወደ አዳፕተሩ ያስጠጉት፤ ሲነቀል ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ። ገመዱን ከአዳፕተሩ ሥር በፌራይት (የሬዲዮ ጩኸት የሚያፍን ማግኔታዊ ሴራሚክ) ቀለበት ውስጥ ከ5 እስከ 7 ዙር ይጠምጥሙት። አንዴ ብቻ የሚያልፍበት ክሊፕ ብዙ አይረዳም፤ የማፈን ኃይሉ በዙሩ ብዛት ስኩዌር ያህል ነውና የሚጨምረው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ያለውን ግን ፌራይት አይነካውም፤ እሱ ሆን ተብሎ ከአንቴናው የሚወጣ ነው።

በአሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ግሪን ባንክ ያሉት፣ ከሰማይ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ የሚያዳምጡት የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ዙሪያ ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 34,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ቦታ የሬዲዮ ጸጥታው እንዲጠበቅ ተከልሏል። ቴሌስኮፖቹ አጠገብ የሚነዱትም ካንዴላ የሌላቸው የናፍጣ መኪኖች ናቸው፤ የካንዴላ ብልጭታ እንኳ ይሰማላቸዋል። እንዲህ ያለ ሳጥን እዚያ ምን እንደሚያደርግ መገመት ነው።

ገመድ መዘርጋት ከተቻለ አይግዙት፤ 75 ኦም ኮአክሲያል (እንደ ዲሽ ገመድ ያለው) ለ20 ሜትር ያለ ችግር ያደርሳል። ቀድሞ የገዛ ደግሞ ላኪውን ማብሪያ ማጥፊያ ባለው ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ፣ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ አብሮ ያጥፋው።