ለጋት እና ለጂአርኢ የምትዘጋጁ፦ የግስና የባለቤት ስምምነት ለሚያስጠኑን መምህር ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ምስጋናው ይቅደም። ስድስት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና (ለአገር ውስጡ ጋት፣ ለውጭ አገሩ ጂአርኢ) የሚዘጋጁ ሰዎችን የእንግሊዝኛ ሰዋስው የሚያስጠኑን መምህራችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እዚህ አልጻፍነውም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። አሠራራቸውን ግን በዝርዝር እንጽፋለን። «ጎበዝ አስተማሪ ናቸው» ማለት ብቻውን ገንዘቡንና ጊዜውን ለሚያወጣ ሰው የሚነግረው ነገር የለም።

የሚያስጠኑት ብዙ ነው፤ ይህ ጽሁፍ ግን ስለ አንዱ ብቻ ነው፦ ስለ ባለቤትና ግስ ስምምነት፣ ሁላችንም በለመድነው ስሙ ስለ ሰብጀክት ቨርብ አግሪመንት። ደንቡን የማያውቅ የለም። ነጠላ ከሆነ «ኢዝ»፣ ብዙ ከሆነ «አር»፤ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ነው። ግን ዲግሪ የያዘ ሰው ሰዓት ተይዞበት ሲፈተን ይሳሳተዋል። የመምህራችን ትልቁ ውለታ ለምን እንደምንሳሳት ከራሳችን ቋንቋ አንስተው ማሳየታቸው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። አንዱ «የእነዚህ ከተሞች መንገዶች ጥራት ዝቅተኛ ነው» ይላል። ሌላው «ዘ ኳሊቲ ኦቭ ዘ ሮድስ ኢን ዚዝ ታውንስ ኢዝ ፑር» ይላል። ከዚያ ስሞቹን በቁጥር ያያይዟቸዋል። በአማርኛው ቅደም ተከተሉ ከተሞች፣ መንገዶች፣ ጥራት ነው። በእንግሊዝኛው ጥራት፣ መንገዶች፣ ከተሞች ይሆናል፤ ልክ በመስታወት እንደታየ ተገልብጧል። አማርኛ ገላጩን ያስቀድምና ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ፣ ከግሱ ጎን ያስቀምጠዋል። እንግሊዝኛ ዋናውን ስም አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል፤ ስለዚህ ከግሱ ጎን የሚገኘው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ጆሯችን ግን «ከግሱ አጠገብ ያለውን ስም ያዝ» እያለ ያደገ ጆሮ ነው። በአማርኛ እንዲህ ባለው ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ጥያቄ አውጪው ወጥመዱን የሚያኖረው እዚያው ቦታ ላይ ነው። «ታውንስ» ከግሱ ጎን ቁጭ ብሏልና እጃችን ወደ «አር» ይሄዳል።

ይህን አንዴ ያየ ሰው ሌላው ይገለጥለታል። አክብሮታችንም ያሳስተናል፦ «ፕሮፌሰሩ መጥተዋል» ስንል ሰውየው አንድ ነው፣ ግሱ ግን የብዙ ነው። ይህን በልቡ የያዘ ሰው «ዘ ፕሮፌሰር ሃቭ» ብሎ ይጽፋል። በተቃራኒው «ብዙ ሰው መጣ»፣ «ሦስት ልጅ አለው» እንላለን፤ ስሙም ግሱም ነጠላ ሆኖ ጆሯችንን አይከረክረውም። በእንግሊዝኛ ግን «ፒፕል» ሁልጊዜ «አር» ነው፣ «ችልድረን» እንደዚሁ። «ሁሉም መጡ» ማለት ስለለመድን «ኤቭሪባዲ ሃቭ» እንላለን፤ ትክክሉ «ኤቭሪባዲ ሃዝ» ነው። ከእነዚህ በላይ ደግሞ ያቺ «ስ» አለች። ስም ላይ ስትለጠፍ ታበዛለች፣ ግስ ላይ ስትለጠፍ የነጠላ ምልክት ትሆናለች። መምህራችን በአጭሩ «ስ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ብቻ ትቀመጣለች» ይላሉ፦ «ዘ ስቱደንት ራይትስ» ወይም «ዘ ስቱደንትስ ራይት»። ወዲያውም ደንቡ የማይሠራባቸውን ያስጽፋሉ፤ «ኒውስ»፣ «ፊዚክስ» እና «ኢኮኖሚክስ» ስ እያላቸው ነጠላ ናቸው፣ «ፒፕል»፣ «ፖሊስ»፣ «ክራይቲሪያ» ደግሞ የምታበዛው ስ ሳትለጠፍባቸው ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ጥያቄው ሲቀርብ ዓረፍተ ነገሩን ከማንበብ በፊት አማራጮቹን ነው የሚያስነብቡት። አማራጮቹ «ኢዝ» እና «አር»፣ «ሃዝ» እና «ሃቭ»፣ «ዋዝ» እና «ዌር» ተብለው ለሁለት ከተከፈሉ የሚፈተነው ስምምነት ነው፤ ከአራቱ አማራጮች ብዙውን ጊዜ ሁለቱ በአንድ ውሳኔ ይወድቃሉ። ቀጥሎ ግሱ ይከበባል። ቀጥሎ «ኦቭ»፣ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «ዊዝ»፣ «ፎር»፣ «ፍሮም» በሚሉ ትንንሽ ቃላት የሚጀምረው ሐረግ ሁሉ በስስ መስመር ይሰረዛል፤ በሁለት ኮማ መሃል የገባውም እንዲሁ። ስረዛው ከግሱ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ ከመጀመሪያው ወደ ፊት አይደለም፤ ወጥመዱ ያለው ከግሱ ጎን ስለሆነ። የተረፈው ይነበባል።

ለምሳሌ «ዘ ፕራይስ ኦቭ ቴፍ ኤንድ ኦኒየንስ ኢን ዘ ማርኬትስ» ካለ በኋላ ባዶ ቦታ መጥቶ «ራይዝን» ቢከተል፣ «ኢን ዘ ማርኬትስ» ይሰረዛል፣ «ኦቭ ቴፍ ኤንድ ኦኒየንስ» ይሰረዛል፣ «ዘ ፕራይስ» ብቻውን ይቀራል። «ሃዝ ራይዝን»። መሃል ላይ ያለችው «ኤንድ» ብዙ ሰው ታስታለች፤ እሷ የምታያይዘው ጤፍንና ሽንኩርትን ነው፣ ዋጋውን አታበዛውም።

ብዙ አስጠኚ እዚህ ላይ ያቆማል። እሳቸው ግን የስረዛው ዘዴ የት እንደሚከዳ ሳያሳዩ አይለቁም። «ሰም»፣ «ኦል»፣ «ሞስት»፣ «ሃፍ»፣ ክፍልፋይና ፐርሰንት ሲመጣ «ኦቭ» የሚለውን ሐረግ መሰረዝ አይቻልም፤ ቁጥሩ የሚታወቀው ከውስጡ ነው። «ቱ ሰርድስ ኦቭ ዘ ላንድ ኢዝ»፣ «ቱ ሰርድስ ኦቭ ዘ ፋርመርስ አር»። እነዚህን ቃላት በአንድ ትንሽ ካርድ ላይ አስጽፈው ከመሰረዝ በፊት ካርዱን እንድናይ ያደርጋሉ። ካርዱን ለሁለት ሳምንት ያየ ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ አያስፈልገውም።

«አ ነምበር ኦቭ» እና «ዘ ነምበር ኦቭ» የሚባሉትን ሁለቱን በአማርኛ ነው የሚፈቱት፣ እኛም ከዚህ የተሻለ አላየንም። የመጀመሪያው «በርካታ» ማለት ነው፤ በርካታ አመልካቾች አልፈዋል፣ ስለዚህ «ሃቭ»። ሁለተኛው «ቁጥር» ማለት ነው፤ የአመልካቾቹ ቁጥር ጨምሯል፣ ስለዚህ «ሃዝ»። «አሎንግ ዊዝ»፣ «ቱጌዘር ዊዝ»፣ «አዝ ዌል አዝ» ላይም አማርኛችን ይረዳናል፦ «አበበ ከከበደ ጋር መጣ» እንላለን፣ «አበበና ከበደ መጡ» እንላለን። «ከ… ጋር» ባለቤቱን አያበዛውም፣ «እና» ያበዛዋል። ማለትም አማርኛ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ የት እንደሚረዳና የት እንደሚያሳስት ለይቶ ማወቅ ነው ሥራው።

የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ሌላው ማነቆ ነው። «አታችድ ቱ ዘ አፕሊኬሽን አር ቱ ሌተርስ ኦቭ ሪኮመንዴሽን» ሲባል ባለቤቱ ከግሱ በኋላ ነው የመጣው። ከግሱ በፊት ያለውን ሁሉ ስትሰርዙ ምንም ስም ካልተረፈ ባለቤቱን ወደ ቀኝ ፈልጉት። «ዜር» ብሎ የሚጀምረውም እንደዚሁ ነው።

«ኦር» እና «ኖር» የሚባሉትን ሆን ብለው ለዘጠነኛው ክፍለ ጊዜ ያቆዩአቸዋል። ምክንያቱም እዚያ ላይ «ከግሱ አጠገብ ያለው ስም» የሚለው ደንብ ትክክል ይሆናል፦ «ናይዘር ዘ ዲን ኖር ዘ ኢንስትራክተርስ ሃቭ ሳይንድ»። ቀድሞ ቢነገር ተማሪው በየቦታው ይጠቀምበታል፣ ስምንት ቀን የፈረሰው ልማድ ተመልሶ ይገነባል። እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል የሚያስብ አስተማሪ ጥቂት ነው።

ልምምዱ ይህን ይመስላል። በአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ዓረፍተ ነገር ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓት አይያዝባቸውም፤ የተቀሩት 20 ለእያንዳንዱ 45 ሰከንድ ነው። መልሱን ብቻ መጻፍ አይቆጠርም። ከመልሱ ጎን ባለቤቱን በአንድ ቃል መጻፍ ግዴታ ነው። ሁለት ምርጫ ባለበት ጥያቄ በግምት ግማሹን ማግኘት ስለሚቻል፣ 40 ጥያቄ ሠርቶ 28 ያገኘ ሰው አውቆ ይሁን ገምቶ አይታወቅም፤ ባለቤቱን ሲጽፍ ግን ይታወቃል። ባለቤቱን ስቶ መልሱን ያገኘ ሰው እንደተሳሳተ ይቆጠራል። ይህ መጀመሪያ ላይ ያስከፋል፣ ግን ልክ ናቸው፤ የፈተናው ቀን የሚጥለው እንዲህ ያለው በዕድል የተገኘ ነጥብ ነው።

ወረቀቶቹ ላይ አርእስት የለም። «ዛሬ የምንሠራው ናይዘር ኖር ነው» የሚል ወረቀት መልሱን ቀድሞ ይነግራችኋል፤ ፈተና ላይ ግን የትኛው ደንብ እንደመጣ የሚነግር የለም። ስለዚህ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከዚያ የተማርነው ሁሉ ተደባልቆ ነው የሚመጣው። የተሳሳታችሁትን የምትመዘግቡበት ደብተር አራት ዓምድ አለው፤ ዓረፍተ ነገሩ፣ ያሳሳታችሁ ስም፣ እውነተኛው ባለቤት፣ ምክንያቱ። ምክንያቱ ላይ «አላስተዋልኩም» ብሎ መጻፍ አይፈቀድም። «ከግሱ ጎን ያለውን ያዝኩ»፣ «በአክብሮት አበዛሁት»፣ «ካርዱን ሳላይ ሰረዝኩ» ነው የሚጻፈው። ደብተሩ በ3ኛው፣ በ7ኛው እና በ21ኛው ቀን እንደገና ይሠራል። ሦስት ሳምንት ላይ ሲታይ የአብዛኛው ሰው ስህተት ከሁለት ዓይነት አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ጥናቱ በእነዚያ ሁለቱ ላይ ነው።

የትኛው ፈተና ላይ ይጠቅማል ለምትሉ፦ ጂማት (የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና) ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጣው አዲሱ ቅርጹ ዓረፍተ ነገር የማረም ጥያቄ የለውም። ለጂማት ብቻ የምትዘጋጁ ከሆነ ለዚህ አትክፈሉ፤ መምህራችንም ራሳቸው ይህንኑ ነው የሚነግሯችሁ። የድሮዎቹ የጂማት ጥያቄዎች ግን ለልምምድ አሁንም ድንቅ ናቸው፣ እሳቸውም ይጠቀሙባቸዋል። ጂአርኢ ሰዋስውን በምርጫ ጥያቄ በቀጥታ አይፈትንም፤ ነገር ግን በ30 ደቂቃ የሚጻፍ አንድ ድርሰት አለው፣ ከ0 እስከ 6 ይታረማል፣ የምትጽፉበት ፕሮግራምም ስህተት አያርምላችሁም። እዚያ ላይ የሚያስተምሩት ነገር አጭር ነው፦ የመጨረሻዎቹን 3 ደቂቃዎች ለግስ ብቻ ተዉ፣ ድርሰቱንም ከታች ወደ ላይ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንብቡ። ከላይ ወደ ታች ስታነቡ ሐሳቡ ይዟችሁ ይሄድና ግሱን ታልፉታላችሁ። ለጋት የምትዘጋጁ ደግሞ የእንግሊዝኛው ክፍል የሚያስፈራችሁ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መነሻ አናውቅም።

የማይስማማው ሰውም አለ። ፈተናው ሳምንት የቀረው ሰው አይሂድ፤ ትምህርቱ 12 ክፍለ ጊዜ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። ሂሳብ አያስተምሩም። በአንድ ዙር ከስድስት ሰው በላይ አይቀበሉም፣ 10 ደቂቃ ያረፈደም ሌላው እስኪጨርስ ውጭ ይጠብቃል። የቤት ሥራ ሳይሠራ የመጣ ሰው ወረቀቱን እዚያው ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ይሠራል እንጂ አዲሱን ትምህርት አይከታተልም። ክፍያው በወር ነው፤ የመጀመሪያው ቀን አይከፈልበትም፣ አይታችሁ ካልወደዳችሁት መቅረት ትችላላችሁ።

ለመጀመሪያው ቀን የምትይዙት እርሳስ፣ ላጲስ፣ ባለመስመር ደብተርና በቅርብ በእንግሊዝኛ የጻፋችሁት አንድ ገጽ ነው፤ የማመልከቻ ደብዳቤም ሆነ የመመረቂያ ጽሁፍ ገጽ ይሆናል። እሱን ገጽ ቀይ እስክሪብቶ ሳያነሱ ፊታችሁ ላይ ያነቡታል፣ ግሶቹን አንድ በአንድ እያስከበቡ ባለቤታቸውን ይጠይቋችኋል። ቦታ የሚፈልግ ይህን ከጻፍነው ስድስት ተማሪዎች ለአንዳችን በውስጥ መስመር ይጻፍ፤ የምትፈተኑበትን ፈተናና ቀኑን አብራችሁ ጻፉ፣ እኛ እናስተላልፍላችኋለን።