አዳማ ላይ ለአሮጌ ኮሮላ የሚሸጡ የማቀዝቀዣ ዕቃዎች፦ ገንዘቡ የቱ ላይ ይውጣ?

ይህ ግምገማ አዳማ መለዋወጫ መደብሮች ውስጥ ለአሮጌ ቶዮታ ኮሮላ የሚሸጡትን የሞተር ማቀዝቀዣ ዕቃዎች ይመለከታል፦ ራዲያተር፣ የራዲያተር ክዳን፣ ቴርሞስታት (የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ)፣ ዋተር ፓምፕ፣ ፋን፣ ማኒኮቶ (የውሃው የጎማ ቱቦ) እና ኩላንት። መኪናዎቹ ባለ 2ኢ፣ ባለ 4ኤ እና ባለ 5ኤ ሞተሮቹ በሞዴል መለያቸው ኢ90 እና ኢ100 የሚባሉት ኮሮላዎች ናቸው። ፍርዱን ቀድሞ መናገር ይሻላል፦ መኪናው ሲሞቅበት ባለቤቱ የሚሮጠው ራዲያተር ሊገዛ ነው፤ መኪናው የሚጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ ክዳንና ቴርሞስታት ነው። ዋጋ አልተጻፈም፤ የምንዛሬ ተመኑ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የተጻፈ ዋጋ ሳይነበብ ያረጃል።

ከሁሉም ትንሹ ዕቃ ክዳኑ ነውና ከእሱ እንጀምር። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ 94 እና 95 መካከል ይፈላል። አሰላና አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 92 ዲግሪ አካባቢ። የእነዚህ ኮሮላዎች የፋን ስዊች ፋኑን የሚያስነሳው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ክዳኑ ግፊት የማይዝ ከሆነና የተሞላውም ተራ ውሃ ከሆነ፣ መኪናው አሰላ ላይ ሲቆም ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ሊፈላ ይችላል። ጤነኛ ክዳን ግን 0.9 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲይዝ አዳማ ላይ የውሃው መፍያ ወደ 115 ዲግሪ ከፍ ይላል። ሃያ ዲግሪ የሚያህል ትርፍ ከአንዲት ክዳን ይገኛል ማለት ነው።

የቶዮታ የጥገና መመሪያ ክዳኑ ከ0.75 እስከ 1.05 ድረስ ባለው ግፊት እንዲከፈት፣ ከ0.6 በታች የሚለቅ ከሆነ እንዲጣል ያዛል። ችግሩ ኮፒዎቹ ላይ 0.9 የሚለው ቁጥር ሁሌም በደንብ ተቀርጾ መገኘቱ ነው፤ ቁጥሩን መቅረጽ ስፕሪንግ ከመሥራት ይቀላል። መደብሩ ውስጥ የግፊት መለኪያ አይጠበቅም፣ ስለዚህ በእጅ ይፈተሻል። ስፕሪንጉን በአውራ ጣት ጫኑት፤ ያለ ትግል ከገባ ተዉት። ላስቲኩ ለስላሳና ዙሪያው እኩል መሆን አለበት። መሃል ላይ ያለችውን ትንሿን የመሳቢያ ቫልቭ በጥፍር ሳብ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ወዲያው ተመልሳ ካልተቀመጠች ክዳኑ አይረባም። ይቺ ቫልቭ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከትርፍ ውሃ ፕላስቲኩ ውሃ መልሶ አይስብም፤ ጠዋት ላይ ማኒኮቶው ተጨፍልቆ የሚገኘው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ማኒኮቶ ይገዛል።

«ጠንከር ያለ ይሻላል» ተብሎ 1.1 የሚል ክዳን ሲሸጥም ይታያል። ለአሮጌ ራዲያተር አይመከርም። ጭማሪው ትንሽ ቢመስልም የደከመውን የፕላስቲክ ጭንቅላት ወይም ብየዳ ፈልጎ ያገኘዋል። ክዳን ላይ ኦሪጅናል መግዛት የዚህ ግምገማ የመጀመሪያው ምክር ነው፤ ከሌለ ደግሞ ከጥሩ ራዲያተር ጋር የመጣ ያገለገለ ክዳን ከአዲስ ኮፒ ይበልጣል።

ቴርሞስታት ላይ የሚደርሰው በደል የተለየ ነው፤ አይቀየርም፣ ይጣላል። «ቆላ ነው፣ ምን ያደርግልሃል፣ አውጣው» የሚለው ምክር አዳማ ውስጥ የተለመደ ነው። ሲወጣ የሙቀት ጌጁ ወደ ታች ስለሚወርድ የተፈወሰ ይመስላል። የሆነው ግን ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ መሥራቱ ነው፤ ኢንጀክሽን ያለው ከሆነ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፣ ትርፉ ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደሩ ይበላሉ። ከዚህ የባሰም አለ። ከታቹ ሁለተኛ ትንሽ ሳህን ያለው ዓይነት ቴርሞስታት፣ ሞተሩ ሲሞቅ ባይፓሱን (ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ) የሚዘጋው በዚያ ሳህን ነው። እሱ ከወጣ የባይፓሱ መንገድ ክፍት ይቀራል፤ የሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ከተማ ውስጥ ቀዝቃዛ የነበረው መኪና ዳገት ላይ የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የሚገዛው 82 የሚል ማኅተም ያለው ነው። 88 የሚልም፣ 76.5 የሚልም ገበያ ላይ ይገኛል፤ 88ቱን ለአዳማ ተዉት፣ 76.5ቱ ደግሞ ሌላ ችግር ለመደበቅ ካልሆነ አያስፈልግም። የጃፓኑ ታማ ሥራ እውነተኛው ከተገኘ ሌላ መፈለግ የለም። ከመግጠም በፊት ቤት ውስጥ ይፈተናል፦ ድስት ውስጥ በሽቦ አንጠልጥሎ፣ ታች እንዳይነካ አድርጎ፣ ውሃውን ቀስ ብሎ ማሞቅ። ቴርሞሜትር ካለ መከፈት የሚጀምረው 80 እና 84 መካከል መሆን አለበት። መመሪያው 95 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ይከፈት ይላል፤ የአዳማ ውሃ ግን 95 ሳይደርስ ስለሚፈላ 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን አትቆጡ። ውሃው እየተንተከተከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የከፈተውን ግን መልሱት። ከውሃው ሲወጣም ቶሎ መዝጋት አለበት፤ ክፍት የቀረ ቴርሞስታት ከሌለው አይሻልም። ሲገጠም የምትነቃነቀዋ ትንሽ የአየር ማሳለፊያ ፒን ወደ ላይ ትሁን፣ ዙሪያውን የሚያቅፈው ላስቲክም አዲስ ይሁን። ቤቱን የሚይዙት በ10 ቁልፍ የሚፈቱ ትንንሽ ቡሎኖች ናቸው፤ በጉልበት ከተጠበቁ አሉሚኒየሙ ውስጥ ይሰበራሉ፣ ከዚያ ቶርኖ ቤት ነው።

ራዲያተር ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው የት እንደሚሞቅ ለዩ። ፖስታ ቤት አካባቢ ቀትር ላይ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ቆሞ ሲሄድ የሚሞቅ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን የሚቀዘቅዝ ከሆነ ጥርጣሬው ፋን ላይ ነው። በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ በፍጥነት መንገዱ ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ ሽቅብ ሲል ጌጁ የሚወጣ ከሆነ፣ ነፋሱ በቂ ስለሆነ ፋን አይደለም፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ (ቀበቶ) ወይም የደከመ ዋተር ፓምፕ ነው። ሁለቱም ቦታ የሚሞቅና ውሃ የሚጨርስ፣ የሚፈስበት ቦታ ግን የማይታይ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳትገዙ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱት። ያለማቋረጥ አረፋ የሚተፋ ከሆነ የቴስታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ሄዷል። ያን ጊዜ ቴስታው ወርዶ ይለካል፤ በ4ኤ ላይ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጣመመ ሳይላጭ መልሶ መግጠም ጓርኒሲዮን ማባከን ነው።

አዲሶቹ ኮፒ ራዲያተሮች ማዕከላቸው አሉሚኒየም፣ ጭንቅላታቸው ፕላስቲክ ነው። ሳጥኑ ላይ ፒኤ16፣ ፒኤ22 ወይም ፒኤ26 የሚል ጽሑፍ ይኖራል፤ ቁጥሩ የማዕከሉ ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው። ሻጩ «ያው ነው» ይላል፤ ያው አይደለም። ለአዳማ ሙቀትና ለዳገቱ 26ቱ ይመረጣል፤ ከፋኑ ሽፋን ጋር ቦታ መኖሩን ግን አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ አጠገብ ለአጠገብ አስተያዩ። የማኒኮቶ አፎቹ አቅጣጫ፣ የፋን መያዣ ቀዳዳዎቹና የታች እግሮቹ መግጠማቸውን እዚያው ማየት ነው፤ ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተጽፏል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ራዲያተር ታች ሁለት የዘይት አፎች አሉት፤ ማንዋል መኪና ላይ አፎቹ ተደፍነው ይሠራል፣ ተቃራኒው ግን አይሆንም።

ኮፒው መጥፎ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው የላይኛው ጭንቅላት ከማኒኮቶ አፉ ሥር ነው፤ ማኒኮቶው ቁልቁል እንዲጎትተው ከተተወ ቶሎ ይሄዳል። የድሮው የመዳብ ራዲያተር ካላችሁና ማዕከሉ ካልተበላ፣ ጭንቅላቱ ተፈቶ እንዲጸዳና መልሶ እንዲበየድ ማድረግ ከቀጭኑ አሉሚኒየም ይሻላል። ያገለገለ ስትገዙ ክንፎቹን በጣት ዳስሱ፤ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚፈረፈሩ ከሆነ ሙቀት አያስተላልፉም። ከዚያ የታቹን አፍ በእጅ ደፍኖ ውሃ መሙላትና በአንዴ መልቀቅ ነው፤ ውሃው በኃይል ካልተዘረገፈ ውስጡ ተደፍኗል።

ዋተር ፓምፕ ላይ ኮፒ መግዛት ኪሳራ ነው። በ4ኤ እና 5ኤ ላይ የሚዞረው በውጭ ቺንጋ ስለሆነ መቀየሩ ከባድ አይመስልም፤ ሆኖም የታይሚንግ ሽፋኖቹ መነካካታቸው ስለማይቀር ደግሞ መፍታትን ማንም አይፈልግም። አይሲን ወይም ጂኤምቢ እውነተኛው ከተገኘ ይበቃል። ፓምፑን በእጅ አዙሩት፦ ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) እኩል ይዙር፣ ወደ ጎን አይነቃነቅ። ከታች ያለችው ትንሽ ቀዳዳ የፋብሪካ ስህተት አይደለችም፤ ውስጡ ያለው መድፈኛ ሲበላ ውሃ በዚያ ወጥቶ ይናገራል፤ በማስቲሽ የሚደፍኗት ሰዎች ኩሽኔታውን ይገድላሉ። ቺንጋው በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ፤ ከዚያ በላይ ከጠበቀ የፓምፑንም የዲናሞውንም ኩሽኔታ ይበላል።

ፋን ላይም ያገለገለ ኦሪጅናል ሞተር ከአዲስ ኮፒ ይመረጣል። ከመግዛት በፊት ግን ያለው ፋን መሞቱን አረጋግጡ። በእነዚህ ኮሮላዎች የፋን ስዊቹ ሲሞቅ የሚለቅ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ቁልፉ ተከፍቶ የስዊቹ ሶኬት ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት። ከዞረ ፋኑም ሪሌውም (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ማብሪያ) ደህና ናቸው፣ የሚገዛው ስዊች ብቻ ነው። ፋኑን «ዳይሬክት» አድርጎ ወደ ማብሪያ የሚያስገባ ኤሌክትሪሺያን ሪሌና ፊውዝ ካላስገባ ሽቦው ይቀልጣል። ሽቦው ተገላብጦ ከተገጠመም ፋኑ ወደ ፊት ይነፋል፤ ፋኑ እየዞረ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ወረቀት ስትይዙ ወረቀቱ ተስቦ መጣበቅ አለበት። የፋኑን ሽፋን አውጥቶ መጣል ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው፤ ያለ እሱ ፋኑ የሚስበው ፊቱ ያለችውን ክብ ብቻ ነው።

ኩላንት ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ አለ። ቀለሙ ቀይም ይሁን አረንጓዴ ምንም አይነግርም። መለያው ቀላል ነው፦ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ትንሽ በብልቃጥ አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ እውነተኛ ኩላንት የቤት ፍሪዘር አያደርቀውም፤ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ካገኛችሁት የገዛችሁት ውሃ ነው። አዳማ ላይ በረዶ አይፈራም፤ ኩላንቱ የሚፈለገው ዝገት እንዲከላከልና መፍያውን ጥቂት ዲግሪ እንዲጨምር ነው። ሞተሩና ራዲያተሩ በጠቅላላው ከ5 እስከ 6 ሊትር ይይዛሉ፣ ግማሹ ኩላንት ይሁን። የጉድጓድ ውሃ ነጭ ቅርፊት ስለሚተው የተጣራ የባትሪ ውሃ ተጠቀሙ፤ ስትገዙ አሲድ አለመሆኑን ጠይቁ፣ አንዳንዱ መደብር ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጀሪካን ይሸጣል። ፍሳሽ ማቆሚያ ዱቄት አትጨምሩ፤ ቀዳዳውን ከመድፈኑ በፊት የሂተሩን ቀጭን ቱቦ ይደፍናል።

ማኒኮቶ ላይ ኮፒም ይሠራል፤ ብቻ ከውስጡ የጨርቅ ድር ያለው ይሁን፣ ፋሸታውም (የማጥበቂያ ቀለበቱ) አዲስ ይሁን።

ሥራው ራሱ የከሰዓት ሥራ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የታችኛው የፕላስቲክ መክፈቻ አሮጌ ከሆነ ስለሚሰበር በዚያ ከመታገል የታችኛውን ማኒኮቶ ነቅሎ ማፍሰስ ይሻላል። የፋኑን ሶኬት ነቅሎ፣ ሁለቱን የላይ መያዣዎች በ10 ቁልፍ ፈቶ ራዲያተሩን ከነፋኑ ወደ ላይ ማውጣት ነው፤ ታች ያሉት ሁለቱ የእግር ጎሚኒዎች ከስሩ ተጣብቀው እንዳይወጡና እንዳይጠፉ፣ ያለ እነሱ ራዲያተሩ ብረት ለብረት ተንቀጥቅጦ ይሰነጠቃል። ሲሞላ መኪናው አፍንጫው ሽቅብ ይቁም፣ ሂተሩ ሙቅ ላይ ይሁን፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ቀስ እያለ ይሞላ። ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪቆም በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይሥራ፣ በመሃል የላይኛውን ማኒኮቶ ጨመቅ ለቀቅ ማድረግ አየሩን ያስወጣል፤ ውሃው ሲጎድል መጨመር፣ ከዚያ መክደን። ሞጆ ደርሶ መመለስ ይበቃል። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑ ይከፈት፤ ውሃው እስከ አፉ ካልሞላና የትርፍ ውሃ ፕላስቲኩ ግን ከትናንቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ አዲሱ ክዳን ወደ ሻጩ ይመለሳል፤ ደረሰኙ የፈለገውን ቢል።