ለወንዝ የመጣ ጀልባ ለጣና ሸጡልኝ

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ በዓሣ የምትተዳደሩ፣ ጀልባ ለመግዛት ካሰባችሁ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ከሻጩ ቢሮ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ንዴቴ ገና አልበረደም።

ሁለት የአሉሚኒየም ጀልባ ነበር ያላቸው። አንደኛው ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሌላው ከሥሩ እንደ ቪ የሾለ። ርዝመታቸው እኩል ነው፣ ሹሉ በዋጋ ትንሽ ይበልጣል። ሻጩን ታውቁታላችሁ፣ ያው ነው። "ወንድሜ" ይላል፣ ቡና ያስመጣል፣ "ለአንተ ስለሆነ ነው እንጂ" እያለ ካልኩሌተር ይነካካል።

እኔ በግልጽ ነግሬዋለሁ። ከዘጌ አልፌ ወደ ደቅ በኩል ነው መረብ የምጥለው፣ ስመለስ ከሰዓት ይሆናል፣ ነፋስ አለ፣ የትኛው ይሻለኛል አልኩት። አላመነታም። "ጣና ጥልቀት የለውም፣ ሹሉ መሬት ይነካብሃል። ደግሞ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር ይዘህ ሹሉን አትገፋውም" አለኝ። የሚያናድደኝ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ጠፍጣፋ ሆድ ቆመህ መረብ ስትጎትት አይወላውልም፣ ትንሽ ውኃ ይበቃዋል፣ ትንሽ ሞተርም ይገፋዋል። ግን ጣና ጥልቅ አይደለም ማለት ሞገድ የለውም ማለት አይደለም! ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ርዝመቱ ግን 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ነፋሱ ያን ሁሉ ሜዳ አግኝቶ ሲመጣ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ብሎ የሚነሣ ይሆናል፣ አንዱን ሳታልፍ ሌላው ይደርስብሃል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ በደንገል ታንኳ ዓሣ እያወጣ ነው ያሳደገኝ። እያወቅሁ ዝም ማለቴ ነው አሁን የሚያቃጥለኝ። ሙከራውንም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አደረግን፣ ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቶ። በዚያ ሰዓት ሁለቱም አንድ ናቸው።

ትናንት ከደቅ ስንመለስ ነፋሱ ተነሣ። ሹል ጀልባ ሞገዱን ይሰነጥቀዋል፣ ጠፍጣፋው በሆዱ ይወድቅበታል። በየሞገዱ እየተነሣ ጧ ሲል አጥንቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ከፊት ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ደረሰ። ሞተሩን ቀንሼ በግድ የዘጌን ዳርቻ ያዝኩ። አውጥተን ስናየው ከፊት ያሉት ሪቬቶች፣ ማለትም አሉሚኒየሙን የሚያያይዙት ብሎኖች መሳዮች፣ ውኃ ማስገባት ጀምረዋል።

ዛሬ ልመልስ ሄድኩ። ጠብቅ ተባልኩና በሩ አጠገብ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ሰውየው ሌላ ገዢ እያስተናገደ ነበር፣ ጥሩ የለበሰ፣ ቱሪስት የሚያመላልስበት የሚፈልግ መሰለኝ። ያ ሰው እኔ የጠየቅሁትን ጠየቀው፣ የትኛው ይሻላል? ሻጩ እኔ እየሰማሁት "ለሐይቅ ከሆነማ ሹሉን ነው። ጠፍጣፋውን ለወንዝና ለዳር ዳር ነው ያመጣነው" አለው። በዚያው ድምፅ። በዚያው "ወንድሜ"።

ተነሥቼ "ለእኔ ምን ነበር ያልከኝ?" አልኩት። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። "አንተ ራስህ ነህ የመረጥከው" አለ። ጸሐፊዋ በእስክሪብቶዋ ግድግዳውን አሳየችኝ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ዕቃ የሚያወርደው ልጅ ሳቀ። የሁለት ዓመት ዕቁብ ነው እኮ! የወንድሜም ድርሻ አለበት።

ሥራችሁ ዳር ዳሩን ከሆነ ጠፍጣፋው ክፉ አይደለም። ወደ መሀል የምትገቡ ግን ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ሲኖር ሞክሩት። ገልብጣችሁ ሥሩን እስከ ኋላው እዩት፣ ከፊት ብቻ የሾለ አለ። የት እንደምትሠሩበትም ውሉ ላይ አስጽፉ። የእኔ ውል ላይ ያለው "የአሉሚኒየም ጀልባ፣ አንድ" የሚል ብቻ ነው።