ለቦንሳይ መደርደሪያ የቱ ይሻላል፦ ባህር ዛፍ፣ ቱቦላሬ ወይስ ብሎኬት?

ቦንሳይ፣ ማለትም በሸክላ ውስጥ አሳንሰው የሚያሳድጉት ዛፍ፣ መሬት ላይ አይቀመጥም። ሥሩ በሸክላው ቀዳዳ ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ጉንዳንና ቀንድ አውጣ ይወጡበታል፤ ዝናብ ሲጥል ጭቃ ይረጨዋል። ከሁሉም በላይ ውበቱ አይታይም። ቁልቁል ሲያዩት ቁጥቋጦ ይመስላል፤ ዛፍ የሚሆነው በዓይን ትክክል ሲያዩት ነው። ስለዚህ ወይራ ወይም ዋርካ በሸክላ ማሳደግ ከጀመራችሁ መደርደሪያ ያስፈልጋችኋል።

አዲስ አበባ ላይ ምርጫው ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው፦ ሁሉንም በባህር ዛፍ ማሠራት፣ በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ የብረት ቱቦ) ክፈፍ ላይ ጣውላ መደርደር፣ ወይም ብሎኬት ቆልሎ ጣውላ ማጋደም። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ግቢው የራሳችሁ ከሆነ ቱቦላሬ፣ የኪራይ ቤት ከሆነ ብሎኬት። ባህር ዛፍን የምመክረው በደንብ የደረቀ ካገኛችሁ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ክብደቱን አስቡ። 40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነና 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሸክላ 12 ሊትር ያህል አፈር ይይዛል። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ከሸክላውና ከዛፉ ጋር 20 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አራት እንዲህ ዓይነት ብትደረድሩ 80 ኪሎ፣ ያውም ቀን ከሌት። ቀጭን ጣውላ ይህን ሲሸከም ከርሞ መሀሉ ይጎብጣል።

ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፤ የትም ይገኛል፤ ማንኛውም አናጺ ይሠራዋል። ጣጣው እርጥበቱ ነው። እንጨት ቤት የሚሸጠው ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) ብዙ ጊዜ ገና አልደረቀም። ክረምቱ አልፎ የጥቅምት ፀሐይ ሲመታው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩም ይላላል። ቀይ ባህር ዛፍ ከነጩ የተሻለ ይበረክታል፤ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ስትገዙ አንዱን ጫፍ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ ርዝመቱን እዩት፤ ጥምዝ ከሆነ ያኔውኑ ይታያል። ሁለት እኩል ሞራሌዎች አንስታችሁ አንዱ በጣም ከከበደ ውስጡ ውሃ አለ ማለት ነው። እግሩን አፈር ውስጥ አትቅበሩት፤ ምስጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብሎኬት ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። እኔ እግሩ ላይ እንኳ አልወደውም፤ ሸክላ የሚያርፍበት ጣውላ ላይ ግን ጭራሽ አይሆንም። ሥር የሚነካው፣ እጅም የሚነካው ቦታ ነው።

ዋንዛና የሐበሻ ጽድስ? ጽድ መበስበስንም ምስጥንም በመቋቋም ይታወቃል፤ ለዚህ ሥራ ከሁሉም ይበልጣል። ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ አገር በቀል ዛፍ ነው። ትንሽ ዛፍ ለማሳየት ትልቅ ጽድ ማስቆረጥ ልቤ አይፈቅድም። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጽድ ካገኛችሁ ግን አትለፉት። ዋንዛ ለሳሎን ዕቃ ይቆይ።

ቱቦላሬ ሲገዙት ከባህር ዛፍ ይወደዳል፤ የበያጅም ዋጋ አለ። ግን ክፈፉን አንዴ በደንብ ካሠራችሁት በየዓመቱ አታድሱትም። ስሌቱ እንዲህ ነው። 2 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው መደርደሪያ ሁለት ቤርጋ ባለ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ይበቃል። አንዱ ቤርጋ 6 ሜትር ነው። ከመጀመሪያው ሁለቱ ባለ 2 ሜትር አግዳሚዎችና ሁለት እግሮች ይወጣሉ። ከሁለተኛው ሁለት እግሮችና ስድስት ባለ 50 ሴንቲ ሜትር አጫጭሮች፦ አራቱ ከላይ ጣውላውን ይሸከማሉ፣ ሁለቱ ከታች እግሮቹን ያያይዛሉ። የሚተርፈው አንድ ሜትር ገደማ ማዕዘኖቹን በሰያፍ ለማሰር ይሆናል። ይህን በወረቀት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሦስተኛ ቤርጋ ግዙ የሚላችሁ አይኖርም።

የቱቦላሬውን ብረት ውፍረት ለኩ። 1.5 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 1.5 አይደለም። ብየዳው ነጥብ ነጥብ ሳይሆን ዙሪያውን የተዘጋ ይሁን። የእግሮቹ አፍም በላሜራ ይደፈን፤ ውሃ ከገባ ቱቦላሬ የሚዝገው ከውስጥ ነው፣ የምታዩት ሲበሳ ብቻ ነው። ብየዳው በግራይንደር ከተስተካከለ በኋላ ፀረ ዝገት፣ ከዚያ የላይኛው ቀለም። ፀረ ዝገቱን ዘሎ በቀጥታ ቀለም የሚቀባ በያጅ ካያችሁ አስቁሙት።

ሸክላውን ብረቱ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፤ ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ሥሩን ይጎዳል። 7 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ስድስት ጣውላዎች በ1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ደርድሩ። ውሃው በክፍተቱ ይወርዳል፣ አየርም ከሥር ይገባል። በምስማር ሳይሆን ከሥር በቪቴ ይታሰሩ። ጣውላ ማለቁ አይቀርም፤ ቪቴ ከሆነ አንዱን ፈትቶ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቫርኒሽ ላይ ገንዘብ አታጥፉ፤ ሁሌ እርጥብ በሆነ ቦታ ይላጣል።

ብሎኬት ቀላል ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው አራት ድርድር 80 ሴንቲ ሜትር ይሰጣችኋል። አከራይ ቢያስወጣችሁ አፍርሳችሁ ትጭናላችሁ። ልጆች ወይም ውሻ ካሉ ግን በነጠላ አታቁሙት፤ ሁለት ሁለቱን እያጠላለፋችሁ ደርድሩ። ሌላ ጉድለትም አለው። የእንጨቱንም የብረቱንም የኋላ እግሮች አስረዝሞ ለበረዶ መከላከያ መረብ መወጠር ይቻላል፤ ብሎኬት ላይ ይህ አይሆንም። የአዲስ አበባን የክረምት በረዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቀላል ነገር አይለውም።

ባለ ደረጃ መደርደሪያ የሚያሠሩ አሉ። ብዙ ዛፍ ይይዛል፤ ግን የላይኛው ለታችኛው ጥላ ይሆንበታል፣ ውሃም ያንጠባጥብበታል። ከሁለት ደረጃ በላይ አልመክርም። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጉት፤ የጠዋቱን ፀሐይ ያገኛል፣ ከሰዓቱ ይቀልለታል። ከጣሪያ ጠርዝ ግን አርቁት፤ ከቆርቆሮ የሚወርድ ውሃ የሸክላውን አፈር ጠርጎ ይወስደዋል።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ከማሠራታችሁ በፊት በብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች ማሳያ ሥፍራ) ውስጥ ያለውን የቦንሳይ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። ጃፓን ለአሜሪካ የነፃነት 200ኛ ዓመት የሰጠቻቸው 53 ቦንሳዮች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ያስጀመሩት። ከ1625 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው እጅ የቆየና ከሂሮሺማ ቦምብ የተረፈ ጥድም አለ። እናንተ ግን ማቆሚያዎቹን ተመልከቱ፦ ቁመታቸውን፣ በዛፎቹ መካከል የተተወውን ክፍተት። ብዙዎቻችን መደርደሪያው ላይ ዛፍ እናጨናንቃለን፤ አምስት ከምታጣብቁ ሦስት አሳዩ።

ጣውላውን በጥር ወይም በየካቲት ግዙ። ጥላ ሥር፣ በየመሀሉ ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ ከምሩት። ብየዳውን በግንቦት አሠሩ፤ ቀለሙ ሰኔ ሳይገባ ይደርቃል።