ለመታጠቢያ ቤት ግድግዳ የሚሆን ፊሸርና ፑንታ፦ በድሬዳዋ ገበያ የሚገኙ ዕቃዎች ግምገማ

በድሬዳዋ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ፊሸር (ብሎን እንዲይዝ በግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ መያዣ) የሚጠይቅ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንት ቁጥር?» የሚል ብቻ ነው፤ ቁጥሩ የፊሸሩ ውፍረት በሚሊሜትር ነው። መጋላ ወገን ያለችውና ይህን ግምገማ ለመጻፍ ምክንያት የሆነችኝ አነስተኛ መደብር የምትለየው ባለቤቱ ከቁጥሩ አስቀድመው «ግድግዳው ምንድን ነው? ብሎኬት ነው ድንጋይ? ሴራሚክ አለበት?» ብለው በመጠየቃቸው ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ፊሸር በራሱ ምንም አይሸከምም፤ ብሎኑ ሲገባበት ወደ ጎን እየሰፋ ግድግዳውን በመጫን ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ የሚጫነው ጠንካራ ነገር ከሌለ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያድግ ጥቅም የለውም። ከዚህች መደብር የተገዙትን ፊሸሮች፣ ፑንታዎች (ድሪል ላይ የሚገቡ መሰርሰሪያ ጫፎች) እና ብሎኖች ሳቢያን በሚገኝ የብሎኬት ቤትና ከዚራ በሚገኝ አሮጌ የድንጋይ ቤት መታጠቢያ ክፍሎች ውስጥ ሥራ ላይ ሲውሉ ተከታትያቸዋለሁ፤ ከዚህ በታች የምሰጠውም አስተያየት በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው።

በቅድሚያ ስለ ግድግዳዎቹ መናገር ያስፈልጋል። ከተማዋ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረች በመሆኗ በከዚራ ያሉት የቆዩ ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አላቸው። ፑንታው ድንጋዩን ካገኘ ፊሸሩ እጅግ አስተማማኝ ይሆናል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን አሮጌ ሙሌት ካገኘ ግን ቀዳዳው እየፈረሰ ይሰፋል፤ ስለዚህ በሚሰረሰርበት ጊዜ የሚወጣውን አቧራ ቀለምና የድሪሉን ድምፅ ማስተዋል ግድ ነው። በአዳዲሶቹ ሰፈሮች የሚሠሩት ቤቶች በአብዛኛው በብሎኬት የተገነቡ ሲሆኑ፣ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ነው፤ የውጭ ገጹ ውፍረት ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። በላዩ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ልስንና የሴራሚኩ ውፍረት ሲጨመርበት ፑንታው አምስት ወይም ስድስት ሴንቲሜትር ከተጓዘ በኋላ ባዶ ቦታ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው የፎጣ መስቀያው ከነፊሸሩ ሲነቀል ፊሸሩን ይወቅሳል፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ ፊሸሩ ከፊሉ ልስን ውስጥ፣ ከፊሉ ደግሞ አየር ላይ መቅረቱ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልመለስ። መደብሯ ውስጥ ሦስት ዓይነት ፊሸር ይገኛል። የመጀመሪያው ከብሎኑ ጋር አብሮ በትንሽ ከረጢት የሚሸጠው፣ ብዙውን ጊዜ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ የሆነው ለስላሳ የፕላስቲክ ፊሸር ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ ከሁሉም በላይ የሚሸጠው እርሱ ነው። ለሳሙና ማስቀመጫ፣ ለትንሽ ሥዕል ወይም ለካፖርት መስቀያ በደረቅ ክፍል ውስጥ ይበቃ ይሆናል፤ ለመታጠቢያ ቤት ግን አልመክረውም። ብሎኑ በሚጠብቅበት ጊዜ ፊሸሩ ቀዳዳው ውስጥ አብሮ ይዞራል፣ ጥርሶቹም ይላጣሉ። በመደብር በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ከሆነ ደግሞ ይደርቅና ይሰባበራል፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ይህ የሚሆነው በጣም በፍጥነት ነው። ከመግዛትዎ በፊት አንዱን ፍሬ በጣትዎ አጥፈው ይመልከቱት፤ የታጠፈበት ቦታ ከነጣ ወይም ከተሰነጠቀ ይተውት።

ሁለተኛው ግራጫው የናይለን ፊሸር ነው። ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር በ1958 እ.ኤ.አ. የሠራው የናይለን ፊሸር ሁለት ክንፍ ሆኖ የሚከፈት፣ ጥርስ ያለውና ቀዳዳው ውስጥ እንዳይዞር የሚከለክል ምላስ የነበረው ነው፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት የብዙ አምራቾች ግራጫ ፊሸሮችም ቅርጻቸው ከዚያ የተወሰደ ነው። ጥሩ ናይለን ሲታጠፍ ተመልሶ ይቃናል እንጂ አይሰነጠቅም፤ በጥፍር ሲጫኑት አይበሳም፤ ቁጥሩም በአካሉ ላይ ታትሞ ይገኛል። የተለመዱት መጠኖች ባለ 6 ሚሊሜትሩ 30፣ ባለ 8ቱ 40፣ ባለ 10ሩ ደግሞ 50 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸው ናቸው። በሙሉ ድንጋይ፣ በኮንክሪትና በሸክላ ጡብ ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር መፈለግ አያስፈልግም፤ በከዚራው ቤት የመስታወቱንም ሆነ የፎጣ መስቀያውን ሙሉ ክብደት ያለ አንዳች መነቃነቅ ይዟል።

ሦስተኛው ግራጫና ቀይ ሆኖ ከሁለት ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራው ነው። በሙሉ ግድግዳ ውስጥ እንደ ሌላው ይሰፋል፤ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ግን ብሎኑ እየጎተተው ከገጹ በስተጀርባ ይጠቀለልና ቋጠሮ ይፈጥራል። ለብሎኬት ቤት የምመክረው ይህን ነው። ዋጋው ከግራጫው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን አንድ መታጠቢያ ቤት የሚያስፈልገው ፍሬ ጥቂት ነው፤ መደብሯም በፍሬ ስለምትሸጥ ሙሉ ካርቶን ለመግዛት ማንም አይገደድም። በሳቢያኑ ቤት ቀድሞ በለስላሳው ፊሸር ተሰቅሎ የነበረውና ይወዛወዝ የነበረው የመስታወት ካቢኔ በዚህ ከተተካ ወዲህ በእጅ ሲጎተት እንኳ አይንቀሳቀስም።

ስለ መጠን አመራረጥ የምከተለው አካሄድ ቀላል ነው። የወረቀት መያዣ፣ የሳሙና ሳህንና ነጠላ መስቀያ በ6 ቁጥር ፊሸርና በ4 ወይም በ4.5 ሚሊሜትር ብሎን ይያዛሉ። የፎጣ ዘንግ፣ መስታወትና ትንሽ ካቢኔ 8 ቁጥር ፊሸርና 5 ሚሊሜትር ብሎን ይፈልጋሉ። የእጅ መታጠቢያ ገንዳ የሚሰቀለው በተራ ብሎን ሳይሆን በአንድ ወገኑ የእንጨት ብሎን ጥርስ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ለዳዶ የሚሆን ጥርስ ባለው ዘንግ ነው፤ ባለ 10 ሚሊሜትሩ ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከ14 ቁጥር ፊሸር ጋር ተጣምሮ ይመጣል፤ ጥንዱን ሳይለያዩ መግዛት ይገባል። የብሎኑን ርዝመት ለማግኘት የሚሰቀለውን ዕቃ ውፍረት፣ የሴራሚኩንና የማጣበቂያውን ውፍረት፣ የፊሸሩን ርዝመትና የብሎኑን የራሱን ውፍረት መደመር ነው፤ ለምሳሌ 3፣ 13፣ 40 እና 5 ሲደመሩ 61 ስለሚሆኑ 60 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን ይስማማል። ከከረጢቱ ጋር የሚመጡት ብሎኖች ከዚህ በጣም ያጥራሉ፤ ጫፋቸው ፊሸሩን አልፎ ካልወጣ ደግሞ ፊሸሩ እስከ መጨረሻው አይሰፋም።

እዚህ ላይ የሴራሚኩን ውፍረት የደመርኩት በምክንያት ነው። ፊሸሩ ሴራሚኩ ውስጥ መቅረት የለበትም፤ በብሎን ወይም በሚስማር ጫፍ ተገፍቶ ከሴራሚኩ ጀርባ እስኪያልፍ ድረስ መግባት አለበት። ሴራሚኩ ውስጥ ሆኖ ከሰፋ ሴራሚኩን ራሱን ይሰነጥቀዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ስንጥቁ የሚታየው ሥራው ካለቀ ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህም ነው ከሴራሚኩ ጠርዝ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ገባ ብሎ መሰርሰር የሚሻለው።

በፑንታዎቹ በኩል መደብሯ የምታቀርበው የተደበላለቀ ጥራት ያለው ዕቃ ነው። ለግድግዳ የሚሆነው ፑንታ ጫፉ ላይ የተበየደ ጠንካራ የተንግስተን ካርባይድ ምላስ አለው። ምላሱ መሃል ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ወይም አካሉ ቀጥ ካላለ 8 ቁጥር የተባለው ፑንታ ሞላላና ሰፊ ቀዳዳ ይከፍታል፤ በዚያ ውስጥ የትኛውም ፊሸር ልቅ ነው። በመስታወት ጠረጴዛ ላይ ማንከባለል ቀጥተኛነቱን ወዲያው ያሳያል፤ ባለቤቱም ደንበኛ ይህን ሲያደርግ አይከፉም፣ እንዲያውም ራሳቸው አንከባልለው ያሳያሉ። ስብስብ ሆነው በሳጥን የሚሸጡትን ርካሽ ፑንታዎች ከመግዛት ይልቅ አንድ ጥሩ 6 እና አንድ ጥሩ 8 መግዛት ይሻላል፤ በቤት ውስጥ ከእነዚህ ሁለቱ ውጭ የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው።

ለሴራሚክ የጦር ጫፍ ቅርጽ ያለው ፑንታ አለ፤ ለተራ የግድግዳ ሴራሚክ በቂ ነው። የሚሠራበት መንገድ ግን ከፑንታው ይበልጣል። ቦታው ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፣ ምልክቱ በላዩ ይደረጋል፣ የድሪሉ የመዶሻ ምት ይጠፋል፣ ፍጥነቱም ዝቅ ይላል፤ የሚያብረቀርቀው ገጽ እስኪበሳ ድረስ ማስገደድ አያስፈልግም። ሴራሚኩ ካለፈ በኋላ በግድግዳ ፑንታ መቀጠል ይቻላል፤ ግድግዳው ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ከሆነ ያን ጊዜ የመዶሻ ምቱ ይመለሳል፣ ብሎኬት ከሆነ ግን እንደጠፋ ይቆያል፤ ምቱ የብሎኬቱን የውስጥ ገጽ ሰብሮ ስለሚጥል ነው። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ብዙ ባለሙያዎች እንኳ ሲዘነጉት አያለሁ፤ በፍጥነት ለመጨረስ ሲሉ ሁሉንም በምት ይበሳሉ፣ ቀዳዳውም ከፊት 8 ከኋላ ደግሞ ጡጫ የሚያስገባ ሆኖ ይቀራል። ፖርሴሊን ለተባለው ጠንካራ ንጣፍ የጦር ጫፉ ፑንታ ቶሎ ይዶለዱማል፤ እርሱ የሚፈልገው ውኃ እየተንጠባጠበበት የሚሰረስር የአልማዝ ፑንታ ነው።

ቀዳዳው ከፊሸሩ አሥር ሚሊሜትር ያህል ጠለቅ ብሎ አቧራው በሚገባ መነፋት ይኖርበታል። ያለ አቧራ የገባ ፊሸር ለመግባት ጥቂት መዶሻ ይፈልጋል፤ በጣት ተገፍቶ ያለ ምንም ችግር የሚገባ ከሆነ ልቅ ነው። እንዲህ ሲሆን በአገራችን የተለመደው የክብሪት እንጨት ወይም የላስቲክ ቁራጭ መጠቅጠቅ ነው፤ በእርጥብ ክፍል ውስጥ እንጨቱ አብጦ ከዚያም በስብሶ ስለሚሟሽሽ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ከ8 ወደ 10 ማሳደግ፣ ካልሆነም ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሞልቶ ከደረቀ በኋላ እንደገና መሰርሰር ይሻላል።

ስለ ብሎኖቹ አንድ ነገር ልጨምር። የድሬዳዋ ውኃ በቧንቧና በመታጠቢያ ዕቃ ላይ ነጭ የኖራ ቅርፊት ይተዋል፤ ቅርፊቱን ለማስለቀቅ አሲድነት ያለው ማጽጃ በብዙ ቤቶች ጥቅም ላይ ይውላል። ይህ ማጽጃ የተራውን ብሎን የዚንክ ሽፋን ይበላዋል፤ ብሎኑም ዝጎ በሴራሚኩ ላይ ቡናማ መስመር ይለቃል። ስለዚህ የማይዝግ ብረት ብሎን መግዛትና ከመጠበቁ በፊት ቀዳዳው ውስጥ ጠብታ ሲሊኮን ማድረግ፣ ውኃ ወደ ግድግዳው እንዳይሰርግ ጭምር ይረዳል። መደብሯ የማይዝጉ ብሎኖች ያሏት በአጫጭር መጠን ብቻ መሆኑ ትልቁ ጉድለቷ ነው፤ 60 ሚሊሜትር የሆነውን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሹት ሁለት ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው ቦይለር ነው። ባለ 50 ሊትሩ ውኃው ብቻ 50 ኪሎግራም ነው፤ የራሱ ክብደት ሲጨመርበት ወደ 70 ኪሎግራም ይጠጋል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ይህን ለየትኛውም የፕላስቲክ ፊሸር አደራ መስጠት ተገቢ አይደለም። በዚህ ረገድ የመደብሯ ባለቤት ያሳዩት ታማኝነት አክብሮት የሚገባው ነው፤ 10 ቁጥር ፊሸር ለቦይለር የጠየቀ አንድ ወጣት «አቦ፣ ለቦይለር ይሄን አልሸጥልህም፤ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ብሳና በረጅም ብሎን ከጀርባው በላሜራ እሰረው» ብለው ሲመልሱት ሰምቻለሁ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግድግዳውን አልፎ በጀርባው በብረት የታሰረ ብሎን ክብደቱን ለብሎኬቱ አንድ ገጽ ሳይሆን ለመላው ግድግዳ ያካፍለዋል።

ሁለተኛው በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችን ከመቀመጫ ሲነሱ የሚይዙት እጀታ ነው። ፎጣ መስቀያ ቢነቀል ፎጣ ይወድቃል፤ እጀታ ቢነቀል ግን የሚወድቀው ሰው ነው። እጀታው የሚጎተተው በድንገትና በሙሉ የሰውነት ክብደት በመሆኑ፣ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ከጀርባው በላሜራ ካልታሰረ ወይም የብሎኬቱ ክፍት ቦታ አስቀድሞ በኮንክሪት ካልተሞላ ባይሰቀል ይሻላል። የፎጣ ዘንግን በእጀታ ፈንታ መጠቀምም በፍጹም አይገባም።

ከመሰርሰር በፊት ከቧንቧዎችና ከማብሪያ ማጥፊያዎች በቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ባለው መስመር ላይ ላለመብሳት መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ መስመሮቹ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፉት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ነውና።

መደብሯን በጥቅሉ ለመግዛት ምቹ ሆና አግኝቻታለሁ። ግራጫው ናይለንና ባለ ሁለት ቀለሙ ፊሸር በ6፣ በ8 እና በ10 ቁጥር ሁልጊዜ ይገኛሉ፤ የገንዳ ዘንግም አይጠፋም። የአልማዝ ፑንታ ግን የላትም፤ ፖርሴሊን ያነጠፈ ሰው ከአዲስ አበባ ማስመጣት ወይም መሣሪያው ያለውን ባለሙያ መጥራት ይኖርበታል። እንደ ከተማዋ ልማድ እኩለ ቀን ላይ በሙቀቱ ሰዓት ስለምትዘጋ በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ መሄድ ይሻላል፤ ሲሄዱም የድሮውን ፊሸርና የሴራሚኩን ስባሪ ይዘው ቢሄዱ ባለቤቱ ውፍረቱን ለክተው ትክክለኛውን ብሎን ይመርጡልዎታል።