ባለ ሳህን ሚዛን ወይስ ዲጂታል?

ባለፈው ዓመት ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ አንዲት የኪስ ዲጂታል ሚዛን ገዛሁ። እስከ 0.01 ግራም ታነባለች። ቤት ገብቼ የ100 ግራም የሚዛን ድንጋይ ሳስቀምጥባት 99.68 አለች። አንስቼ መለስኩት፤ ያው ነው። ድንጋዩ ተበልቷል ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ ድንጋዩን ይዤ አንድ በዕድሜ የገፉ ወርቅ ሰሪ ዘንድ ሄድኩ። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛናቸውን ከመስታወት ሳጥኑ አወጡ። የእኔን ድንጋይ በአንዱ ሳህን፣ የራሳቸውን 100 ግራም በሌላው አደረጉ። መርፌዋ ትንሽ ተወዛውዛ መሀል ላይ ቆመች። «ልጄ፣ ድንጋይህ ደህና ነው። ሚዛንህን ነው ያላስተካከልካት» አሉኝ።

ዲጂታል ሚዛን የሚያነበው ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። ይህ ኃይል እንደ ምድር ስበት ይለያያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ስለዚህ እዚህ ስበቱ ከአውሮፓ ከተሞች በ0.3 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሩቅ አገር ተስተካክላ የመጣች ሚዛን ከ100 ግራም ላይ 0.3 ግራም ልታጎድል ትችላለች። ለአንድ ቀለበት ኢምንት ነው። ቀኑን ሙሉ ወርቅ ለሚገዛና ለሚሸጥ ግን ገንዘብ ነው።

ባለ ሳህኑ ይህ ችግር የለበትም። ዕቃን ከድንጋይ ጋር ያስተያያል፤ ስበቱ ደግሞ ሁለቱንም እኩል ይጎትታል። ድሮ ወርቅ በወቄት ሲመዘን ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ጠገራ ብር ነበር፤ አንዱ 28 ግራም ገደማ። የትም አገር ቢወሰድ ያው ነው።

መብራት ጠፋ፣ ባትሪ ደከመ አይልም። ጉዳቱ ዝግታው ነው። ጠፍጣፋ ቦታ ይፈልጋል፣ ንፋስ ይረብሸዋል፣ የዘንጉ ስለት ላይ አቧራ ካረፈ ይዋሻል። ወረፋ ለሚበዛበት ሱቅ አይመችም።

ዲጂታሉ ፈጣን ነው፤ ደንበኛውም ቁጥሩን በዓይኑ ያያል። ግን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ጠባይ አለው። ዜሮውን ራሱ ስለሚጠብቅ፣ ብናኝ ቀስ እያለ ሲንጠባጠብበት አንዳንዴ አይቆጥረውም። የወርቅ ብናኝ የምትመዝኑ ከሆነ ሳህኑን አንስታችሁ መልሳችሁ አስቀምጡ።

ይህን የነገረኝ አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ለኢላማ ተኩስ የሽጉጥ ጥይት ቀለሃ ውስጥ ባሩድ ራሱ ይሞላል፤ በሚኖርበት ግዛት የተፈቀደ ነው። የሚሞላው 10 ሚሊሜትር አውቶ የሚባለውን ነው። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ግፊት ጣራው በአንድ ስኩዌር ኢንች 37,500 ፓውንድ ነው። ቀለሃው ትንሽ ስለሆነ የባሩዱ መጠንም ትንሽ ነው። የሚለካውም በግሬይን ነው፤ አንዱ ግሬይን 0.065 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጣራው አጠገብ ሲደርስ የግሬይን ጥቂት አስረኛ እንኳ አደጋ ነው። ጣትና ዓይን ያስከፍላል። ስለዚህ ከመመሪያው ከፍተኛ መጠን 10 በመቶ ዝቅ ብሎ ይጀምራል።

የእኔ የኪስ ሚዛን አንድ ቁጥር ስትዘል 0.15 ግሬይን ዘለለች ማለት ነው። ለእሱ ሥራ አትሆንም። እሱ የሚጠቀመው ባለ ዘንግ ሚዛን ነው፤ የባለ ሳህኑ ዘመድ ሲሆን፣ በዘንጉ ላይ በሚንሸራተት ክብደት ይመዝናል፤ 0.1 ግሬይን ይለያል። ዲጂታሉን ለማመሳከሪያ ከጎኑ ያስቀምጠዋል።

እንግዲህ ለሱቅ ከሆነ ዲጂታል ግዙ፤ ከአስተካካይ ድንጋይ ጋር ብቻ። ድንጋዩ የሌለው ዲጂታል ለእኔ ግማሽ ዕቃ ነው። ኤም1 የሚል ደረጃ ያለው የ100 ግራም ድንጋይ ስህተቱ ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ለወርቅ ሱቅ ሚዛን ይበቃል። ስህተቱ ሰው ለሚጎዳበት ሥራ ግን ባለ ዘንጉን አስቀድሙ።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ሚዛኑን አብርታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ድንጋዩን መሀል ላይ፣ ቀጥሎ አራቱም ጠርዝ ላይ አስቀምጡት። ቁጥሩ ከጠርዝ ጠርዝ ከተለያየ ሌላ አምጣ በሉት። እኩል ሆኖ ግን ከ100 ካነሰ አትመልሱት፤ እዚያው በድንጋዩ አስተካክሉትና ይዛችሁት ሂዱ።